ዴሞክራሲው የጠፋው በየትኛው ቀን ነው? ስለ ፋሺዝም ትምህርት የተከፈተ ክር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታሪክ አስተምራለሁ። ከናዚዎች በፊት ስለነበረው የጀርመን ዴሞክራሲ፣ ስለ ቫይማር ሪፐብሊክ፣ አስተምሬ ስጨርስ አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ጋዜጣና ፍርድ ቤት የነበረው አገር ይህን ሁሉ ያጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ። በአንዱ ገጽ ላይ ምርጫ አለ፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የማጎሪያ ካምፕ አለ። በመካከላቸው ያለው ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው። መልስ ስላልነበረኝ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተዘጋጅቼ እንደምመጣ ቃል ገብቼላት ወጣሁ።

የመክፈቻ ጽሑፌን የጻፍኩት በዚያው ማታ ነው። በዴሞክራሲ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች የፋሺዝምን አወዳደቅ እንጂ አገባቡን አያስተምሩም የሚል ነበር ክርክሬ። ተማሪው የሽቦ አጥሩን፣ የሬሳውን ክምርና የተሸነፈውን ጦር ያያል፤ በሩን የከፈተውን እጅ ግን አያይም። ስለዚህ ፋሺዝም ከሩቅ እንደመጣ ወረርሽኝ ይመስለዋል። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆነኝ ሂትለር በጀርመን ሕዝብ አብላጫ ድምፅ ተመርጦ ሥልጣን መያዙን ጠቀስኩ። መጨረሻ ላይ ሌሎች ሲማሩ ምን እንደተነገራቸው፣ የሚያስተምሩ ካሉም ከየት እንደሚጀምሩ ጠየቅኩ።

1ኛውን መልስ የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በትሕትና ከእኔ ጋር ተስማሙ፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በመጻሕፍቱ ላይ ማድረጌን አልወደዱትም። ታሪክ ከጥንት ተነሥቶ በቅደም ተከተል ሲሰጥ የትምህርት ዘመኑ የሚያልቀው 20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይነካ እንደሆነ አስታወሱኝ። ለምሳሌ ያመጡት ኢጣልያን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኢጣልያ ትምህርት ቤቶች ታሪክን የሚያቆሙት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበር። እስከ ሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት ድረስ ያለው ዘመን በሥርዓተ ትምህርቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1958 አልዶ ሞሮ የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ የሥነ ዜጋ ትምህርት ቢጀመርም የተመደበለት ጊዜ በወር ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም ለታሪክ መምህሩ የተጨመረ ሸክም ነው። የመጨረሻው ክፍል ሙሉ ዓመት ለ20ኛው ክፍለ ዘመን እንዲሰጥ የታዘዘው በ1996 ነው። እንግዲህ ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ የተወለደ አንድ ሙሉ ትውልድ አያቶቹ ያለፉበትን ሃያ ዓመት በክፍል ውስጥ ሳይሰማ አደገ ማለት ነው። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

2ኛው የምስጋና ቃል ብቻ ነበር። 3ኛው ግን በቀጥታ ወደ ስሕተቴ ሄደ፤ ልክ ነበረ። ናዚዎች በነጻ ምርጫ አብላጫ ድምፅ አግኝተው አያውቁም። በሐምሌ 1932 ያገኙት 37.3 በመቶ ነው፤ በኅዳሩ ምርጫ ወደ 33.1 በመቶ ወረዱ። ሂትለርን በጥር 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት አድርጎ የሾመው ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ነው። በዚያ ካቢኔ ውስጥ የነበሩት ናዚዎች ሂትለርን ጨምሮ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እንቆጣጠረዋለን ብለው ያሰቡ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። ጸሐፊው ቃላቸውን አላለሰለሱም። እኔ የተናገርኩት ስሕተት በብዙ ክፍሎች እንደሚነገር፣ ጉዳቱም ድርብ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ተማሪው ሕዝብ በጅምላ እንዳበደ ያምናል፣ በሩን የከፈቱት ጥቂት ባለሥልጣናትም ከታሪኩ ውስጥ ይጠፋሉ። ስለ በሩ የጻፍኩት እኔ ራሴ በሩን የከፈተውን ሰው ሰውሬው ነበር። የመክፈቻውን ጽሑፍ አረምኩና እርማቱ የማን እንደሆነ ከሥሩ ጻፍኩ።

4ኛው መልስ ሰጪ የ3ኛውን ሐሳብ ይዘው ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ። በ1921 ምርጫ ፋሺስቶች ያገኙት ከ535 መቀመጫ 35 ነበር። በጥቅምት 1922 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮም ሲገሠግሡ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አልፈርምም ብሎ ሙሶሊኒን ጠራው። በዚህ ጸሐፊ ዓይን ግን ዋናው ቀን ይህ አይደለም። በ1923 የወጣው የአቸርቦ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ቢያንስ 25 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ የወጣ ዝርዝር ከምክር ቤቱ መቀመጫ ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። ይህን ያጸደቁት ፋሺስት ያልሆኑ የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የተረጋጋ መንግሥት እናገኛለን ብለው ነበር። በ1924 በድብደባና በማስፈራራት ምርጫ ተደረገ። የሶሻሊስቱ እንደራሴ ጃኮሞ ማቴዮቲ በግንቦት 30 በምክር ቤቱ ቆሞ ይህን አጋለጠ፤ በሰኔ 10 ታፍኖ ተገደለ። በጥር 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ በዚያው ምክር ቤት ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ተናገረ፤ የደፈረው አልነበረም። ጸሐፊው ጨምረው የጠየቁት ጥያቄ ከእኔ ተማሪ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ የምርጫ ሕግ አንቀጽ በትምህርት ቤት ለምን አይነበብም?

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው የጨዋ ነበር። 5ኛው መልስ የአንድ አባት ነው፤ ሌላ ነፋስ ይዞ መጣ። ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩት ቀኖችን፣ ስሞችንና ምክንያቶችን እንዲማር እንጂ መምህሩ የማንን ፓርቲ እንደሚጠላ እንዲሰማ አለመሆኑን ጻፉ። ፋሺዝምን ማስተማር በሚል ሽፋን መምህራን የዛሬ ተቀናቃኞቻቸውን ስም እንደሚለጥፉበት፣ በእሳቸው አስተያየት መምህር እንደ ዳኛ ገለልተኛ መሆን እንዳለበት ተከራከሩ። አነጋገራቸው ከረር ያለ ቢሆንም ሥጋታቸውን አላቃለልኩትም። የሌላ ሰው ልጅ በአደራ የተቀበለ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ለዚህ 6ኛው የሰጡት መልስ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ነው። ጀርመኖች ይህንኑ ጭቅጭቅ በ1970ዎቹ አሳልፈውታል። በ1976 ግራና ቀኝ የቆሙ የፖለቲካ ትምህርት ባለሙያዎች ቦይተልስባኽ በምትባል ቦታ ተሰብስበው ነበር፤ ከዚያ ውይይት የወጡት ሦስት መርሖች እስከ ዛሬ በጀርመን ክፍሎች ውስጥ ይሠራሉ። መምህሩ ተማሪውን በራሱ አቋም አያጥለቀልቅም፤ በምሁራንና በፖለቲካ ዘንድ የሚያከራክር ነገር በክፍልም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቀርባል፤ ተማሪው ደግሞ የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ በነገሩ ላይ ተጽዕኖ ማድረግ እንዲችል ይታገዛል። ጸሐፊው የአባትየውን ሥጋት የሚመልሰው የመጀመሪያው መርሕ እንደሆነ አስረዱ። ገለልተኛ የሚለውን ቃል ግን አልተቀበሉም።

7ኛው ሳይውል ሳያድር ቱግ አለ። ሁለተኛው መርሕ ለካጅ በር ይከፍታል ባይ ነው፤ አንድ ተማሪ ተነሥቶ በናዚዎች የሞት ካምፕ በአውሽዊትዝ የሆነውን ቢክድ መምህሩ ሁለት ወገን አለ ብሎ ሊያወያይ ነው ወይ ሲል 6ኛውን አፋጠጠ። በ8ኛው መልስ 6ኛው ተመልሰው መጡ፤ በእርጋታ። የሚያከራክረውን ማከራከር ማለት የተረጋገጠውን ማጠራጠር እንዳልሆነ ገለጹ። የሰው ልጅ ክብር በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ አንቀጽ የሰፈረ ስለሆነ የጀርመን መምህር በእሱ ላይ ገለልተኛ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ተማሪዎች ሊከራከሩበት የሚገባው ግን ብዙ ነው፤ ወግ አጥባቂዎቹ ለምን ተሳሳቱ፣ የግራ ፓርቲዎች ለምን አልተባበሩም፣ ሥራ አጥነቱ ምን ያህል ወሰነ። 7ኛው መልስ አልሰጠም፤ በኋላ ግን ከምስጋና ምልክት ጋር ታየ።

9ኛው መልስ አጭር ትዝታ ነው፤ ስገለብጠው እጄ ከበደኝ። ጸሐፊዋ ተማሪ ሳለች አንድ መምህር ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአንድ ሳምንት ምልክት አስለጥፎ እንዲናቅ አደረገ፤ ፋሺዝም በተግባር ይገባቸዋል ብሎ። የገባት ነገር ቢኖር የቅርብ ጓደኛዋ በሁለት ቀን ውስጥ ፊቷን እንዳዞረችባት ነው፤ ጓደኝነታቸውም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ስለ ፋሺዝም አንድም ቀን፣ አንድም ሕግ አልተማረችም። 10ኛው በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ሮን ጆንስ የተባለ መምህር በ1967 በተማሪዎቹ ላይ ያደረገውን ሙከራ አስታወሱ፤ በዲሲፕሊንና በአንድነት መፈክር የጀመረው ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመምህሩ እጅ ሊወጣ ስለደረሰ አቆመው። ሁለቱ መልሶች ተከታትለው በመምጣታቸው ደስ ብሎኛል። ልጅን አዋርዶ ስለ ውርደት ማስተማር የቦይተልስባኽ የመጀመሪያ መርሕ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ስሜትም ማጥለቅለቂያ ነው።

11ኛው መልስ ክሩን ወደ እኛ አመጣው። ጸሐፊው ኢጣልያ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የተማረ ነው። ጥር 27 የመታሰቢያ ቀን ሲመጣ ክፍላቸው በ1938 የወጡትን የዘር ሕጎች ያነባል፤ አይሁድ ተማሪዎችና መምህራን ከትምህርት ቤት የተባረሩበትን። ሚያዝያ 25 ሲመጣ ነጻነት ይከበራል። በሁለቱም ያምንባቸዋል። ነገር ግን በአሥራ ሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ሕይወቱ የካቲት 12ን አንድ መምህር ሲጠራት አልሰማም። አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን ያወቃቸው ከእናቱ ነው። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የሆነውን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመውን የነገረችው እሷ ናት። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የኢትዮጵያ ጦርነት ግማሽ ገጽ ነበር፤ የሚናገረውም የመንግሥታት ማኅበር ስለጣለው ማዕቀብ ነው። አንድ ጊዜ እጁን አውጥቶ ስለ መርዝ ጋዙ ሲጠይቅ ኢጣልያኖች በቅኝ አገዛዝ ደጎች ነበሩ የሚል መልስ አገኘ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ለዓመታት ሲሰደብ ከኖረ በኋላ። ግራዚያኒ በ1950 ተፈርዶበት የነበረው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ከተፈረደበት 19 ዓመት ውስጥ የታሰረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም ለፍርድ አልቀረበም። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ጸሐፊው የጨረሰው ያ መታሰቢያ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉት ሰዎች በትምህርት ቤት ምን እንደተማሩ በመጠየቅ ነው።

ለዚህ መልስ ከሁሉ ይልቅ ምስጋና ጎረፈለት። እኔም ከጎኑ ነኝ። ኢጣልያዊው ተማሪ ፋሺዝም ጦርነቱን ከተሸነፈ በኋላ የመጣ መከራ ብቻ ሆኖ ከታየው፣ ገና በጠነከረበትና በተጨበጨበለት ዓመት ምን እንዳደረገ አያውቅም። ሙሶሊኒ ከመቼውም በላይ የተወደደው አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1936 ነበርና።

12ኛዋ ጸሐፊ ነገሩን ወደ ራሳችን ገለበጠችው። እኛስ እንዴት ነው የተማርነው? አርበኞቻችንን፣ አቡነ ጴጥሮስን፣ የጄኔቫውን ንግግር እናውቃለን። ማቴዮቲ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ ፋሺዝም ለእኛ የወራሪ ስም እንጂ የመንግሥት ሥርዓት ስም አይደለም። በእሷ አስተያየት ፋሺስት ማለት ባዕድ ማለት ሆኖ ከቀረ፣ የዘር ሕጉን፣ የአንድ ፓርቲ አገዛዙንና የጋዜጣ መዘጋቱን በራስ ቋንቋ ሲነገር ልናውቀው አንችልም። ስለ ባንዳዎችም ከስድብ ያለፈ ነገር በክፍል አለመነገሩን፣ አንድ ሰው እንዴትና ለምን ባንዳ እንደሚሆን ማንም እንደማያስረዳ ጨመረች።

13ኛው ይህን እንደ ስድብ ወሰዱት። አባቶቻቸው የሞቱት ስለ ሥርዓት ትንተና ሳይሆን ስለ አገር እንደሆነ፣ ለባንዳ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ነገ ይቅርታ እንደሚያደርግለት ጻፉ። 14ኛው ደገፋቸው፤ ቃሉ ከእሳቸው የከፋ ስለነበር አልደግመውም። በ15ኛው መልስ 12ኛዋ ተመልሳ አያቷም ጫካ ገብተው እንደነበርና በጎረቤታቸው ተጠቁመው እንደተያዙ አስታወቀች። ያ ጎረቤት ልጆቹን ሲያሳድግ ያየችው ሴት አያቷ ጥያቄውን እስክትሞት እንዳልተወችው፣ እሷም ከአያቷ እንደወረሰችው ነገረችን። ምክንያት መፈለግ ይቅር ማለት አይደለም ስትል 13ኛውን አባቴ ብላ ነው የጠራቻቸው። ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልጻፈም።

16ኛው የካቲት 12 በ1929 ወይስ በ1937 እንደሆነ ግራ ገብቶት ጠየቀ፤ 17ኛው ሁለቱም አንድ ቀን እንደሆኑ፣ ፈረንጆቹ የካቲት 19 ቀን 1937 እንደሚሉት አስረዳ። ከዚያ የዘመን አቆጣጠር ወሬ ትንሽ ቀጠለ። 18ኛው በአዲስ አበባ የሞቱት 30,000 ናቸው የሚለው የኢትዮጵያ መንግሥት ግምት እንደሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር የሚሰጡ የታሪክ ጸሐፊዎች መኖራቸውን አነሡ። ይህ ክህደት መስሏቸው የተነሡ ነበሩ። እኔ ግን 8ኛው መልስ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ቁጥሩ ያከራክር፣ ተማሪዎች ማስረጃውን ይመርምሩ፤ ጭፍጨፋው ግን አያከራክርም።

19ኛውን መልስ ያነበበ መምህር ሁሉ የሚረሳው አይመስለኝም። ጸሐፊው ስለ ተማሪዎች ብቻ ስንነጋገር መምህራኑን መርሳታችንን ታዘቡ። ሙሶሊኒ የኢጣልያን ልጆች ከ1926 ጀምሮ ባሊላ በተባለ የፋሺስት ወጣቶች ድርጅት አሰለፋቸው፤ ከ1930 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ የመንግሥት መጽሐፍ ብቻ እንዲማሩ አደረገ። በ1931 የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለፋሺስቱ አገዛዝ እንዲምሉ ታዘዙ። ከ1,200 በላይ ነበሩ። አልምልም ያሉት 12 ያህል ናቸው፤ ወንበራቸውን አጡ። መጽሐፉን ያነበበው ልጅ ምርጫ አልነበረውም፤ ያስነበበው ሰው ግን ነበረው። የዛሬ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይህን መሐላ ለዕጩ መምህራን ሊያስነብቡ ይገባል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ።

20ኛው ሞቅ ባለ ቤት ተቀምጦ በሙታን ላይ መፍረድ ቀላል እንደሆነ መለሱ። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ደመወዙን ይፈርማል። ደግሞም የማሉት ሁሉ ፋሺስቶች አልነበሩም፤ ራሱ የአገዛዙ ተቃዋሚ የነበረው ቤኔዴቶ ክሮቼ አንዳንዶቹ ፈርመው በወንበራቸው እንዲቆዩ መክሯል፣ ቦታው ለባሰበት እንዳይለቀቅ። ሉዊጂ ኤይናውዲ ከፈረሙት አንዱ ነው፤ በ1948 የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ለዚህ ክርክር መልስ የለኝም። ሌሊቱን ያሰብኩት እኔ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ነው፤ ፈርሜ ነበር የሚለውን መልስ በእርግጠኝነት ልገፋው አልቻልኩም።

21ኛው ብዙ ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ምሥራቅ ጀርመንን አመጡ። እዚያ ፀረ ፋሺዝም የመንግሥት ሃይማኖት ነበር፤ የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ መታሰቢያ በ1958 ተመርቆ ተማሪዎች በሰልፍ ይወሰዱ ነበር። የሚሰሙት ግን ስለ ኮሚኒስት ታጋዮች ጀግንነት ነው፤ ናዚዎቹ በምዕራብ ያሉ ካፒታሊስቶች ናቸው ስለተባለ በምሥራቅ የሚኖር ቤተሰብ አያቱ በጦርነቱ ምን እንደሠራ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረም። ሌላውን የሚከስስ ትምህርት ነበር።

ከ22ኛው እስከ 26ኛው ያሉት መልሶች ከነገሩ ወጡ። ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው እገሌ ፋሺስት ነው፣ አይደለም፤ ማን ማንን እንደጠራው፤ የማን ደጋፊ ማን እንደሆነ። አንዱ በቁጣ ክሩን ትቶ ሄደ። 27ኛው ሁሉም ፋሺስት ከተባለ ማንም ፋሺስት እንደማይሆን ጽፈው አስታገሡ።

28ኛዋ ተማሪ ናት፤ ጀርመን ውስጥ ትማራለች። ስለ ናዚዎች አገዛዝ፣ ስለ ሦስተኛው ራይሽ፣ በተለያየ ክፍል ደጋግማ እንደተማረች፣ ብዙ ጊዜ በአዳራሽ የሚደረግ ንግግር እንዳሰለቻት በቅንነት ጻፈች። ያልሰለቻት አንድ ነገር በእግረኛ መንገድ ላይ ነው። ጉንተር ዴምኒግ የጀመራቸው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የናስ ፊት ያላቸው ድንጋዮች፣ ሰዎቹ በኖሩበት ደጃፍ የሚቀበሩ፤ ከ100,000 በላይ ሆነዋል። መምህሯ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ስም ሰጥታ ያ ሰው ቤቱን መቼ እንዳጣ፣ ሥራውን መቼ እንደተከለከለ፣ ከትምህርት ቤት መቼ እንደተባረረ ከቤተ መዛግብት እንዲፈልግ አደረገች። የእሷ ሰው ከሞት በፊት ብዙ ትናንሽ ወረቀቶች ደርሰውታል። ወረቀቶቹን የፈረመው ሁሉ የቢሮ ሠራተኛ ነበር።

በ29ኛው መልስ 5ኛው አባት ተመለሱ። ስለ መሐላው ያነበቡት እንዳሳሰባቸው፣ ገለልተኛ መምህር የሚሉት ሰው በ1931 ምን ያደርግ እንደነበር ራሳቸውን እንደጠየቁ ጻፉ። አቋማቸውን አልተዉም፤ ልጃቸው ፊት የሚቀመጠው ሰነድ እንጂ ስብከት እንዳይሆን አሁንም አጥብቀው ጠየቁ። በተጨባጭ ምን ለማስነበብ እንዳሰብኩም ሊያውቁ ፈለጉ።

መልሱ ተግባር ሆኖ ነበርና 30ኛውን የጻፍኩት ከክፍል ስመለስ ነው። ለተማሪዎቼ ሦስት ወረቀት አደልኳቸው፤ ንግግር አላደረግሁም። አንደኛው ከጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ ከራይሽስታግ ቃጠሎ ማግስት፣ በየካቲት 28 ቀን 1933 ሂንደንቡርግ የፈረመው ድንጋጌ ነው፤ የግል ነጻነትን፣ የመናገርና የመሰብሰብ መብትን፣ የደብዳቤ ምሥጢርን የሚጠብቁ ሰባት አንቀጾችን ያግዳል፤ ለጊዜው ተብሎ እስከ 1945 ጸና። ሁለተኛው በመጋቢት 23 ቀን የወጣው መንግሥት ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ የፈቀደው ሕግ ነው፤ አምስት አጫጭር አንቀጾች ብቻ። ከጎኑ የድምፁን ውጤት ጻፍኩ፤ 444 ደገፉ፣ 94 ተቃወሙ። የተቃወሙት ሁሉ ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው፤ 81 የኮሚኒስት እንደራሴዎች ቀድሞውኑ ታስረው ወይም ተሰደው ነበር፣ አዳራሹም በታጠቁ ሰዎች ተከብቧል። ሦስተኛው ወረቀት የአቸርቦ ሕግ ነው፤ ለዚህ 4ኛውን መልስ ሰጪ አመሰግናለሁ። ከዚያ የተማሪዬን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ተቀመጥኩ።

31ኛው ልጅቷ የትኛውን ቀን እንደመረጠች ጠየቁ። የካቲት 28ን መረጠች። ምክንያቷ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት በአንድ ፊርማ የሆነ መሆኑ፣ በማግሥቱም አብዛኛው ሰው ወደ ሥራው መሄዱ ነው። አጠገቧ ያለው ልጅ አልተስማማም፤ ምክር ቤት ራሱን በድምፅ የሚያጠፋበትን ሕግ ካየን የኢጣልያው 1923 እንደሚቀድም፣ ጀርመኖቹ ያንን አይተው ሊማሩ ይገባቸው እንደነበር ተከራከረ። ሌሎቹም ተነሡ። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ አራት ቀን ተጽፎ ነበር።

32ኛውን የጻፉት 4ኛው ናቸው፤ ልጁ ትክክል ነው ብለዋል። 33ኛው ከ3ኛው መጣ። ልጁም ልጅቷም ተሳስተዋል ባይ ናቸው፤ የእሳቸው ቀን ሂንደንቡርግ ምክር ቤቱን ወደ ጎን ትቶ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 በተፈቀዱ የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌዎች መግዛት የለመደበት 1930 ነው። ለነገው ክፍል አምስተኛውን ቀን ሰሌዳው ላይ እጨምራለሁ።